ቅርንፉድ የሸፈነው ሽታ

ጅግጅጋ ውስጥ ሰው ፊት አታስሉ። ማሳል ግድ ከሆነባችሁም ዞር በሉና፣ ነፋሱ ወደ ካራማራ በሚነፍስበት በኩል ሳሉ። አለበለዚያ አፋችሁን ሳትጠርጉ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ይታዘዝላችኋል። ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ "ነጭ ሽንኩርት በማር" ይላችኋል። ጨርቅ ልትገዛ የቆመችው ሴትዮ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "የምን ነጭ ሽንኩርት! ጥቁር አዝሙድ ነው እንጂ" ትላለች። እንደ እኔ የወታደር ልጅ የሆነ፣ አባቱ ከደጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አረቄ ያዝላችኋል። ሁሉም መድኃኒቱ ያዳነውን ሰው በስም ይጠራል። ያላዳነውን የሚጠራ የለም። እንዴትስ ይጠራል? ያልዳነ ሰው መጥቶ አይመሰክርም።

ይህን የምለው የአገራችንን መድኃኒት ለማማት አይደለም። ቅጠሉም ሥሩም ምን አደረጉኝ? እኔ የምፈራው ምስክሩን ነው። "እኔን አድኖኛል" የሚለውን ሰው። የምፈራውም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ምስክር ሆኜ ስለነበር ነው። የሐሰት ምስክር።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ ሞባይል ስልክ ገና ወደ ከተማችን ሳይገባ ነው። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ከበራችን ትይዩ፣ ከሻይ ቤቱ ጎን፣ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበረች። ባለቤቷ ባሽር ይባላል። ባሽርና እኔ ልጅነታችንን አብረን ነው ያሳለፍነው። እሱ አማርኛውን የለመደው ከእኛ ሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ሲራገጥ ነው። እኔም ሶማልኛዬን የተማርኩት ከእሱ ነው፤ ግማሹ ስድብ ስለሆነ እስከ ዛሬ ሽማግሌ ፊት ስናገር እጠነቀቃለሁ። የመጀመሪያዋን ሲጋራም ለሁለት ተካፍለን ያጨስናት በአሥራ አምስት ዓመታችን፣ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሃያ አምስት ዓመት ተግተን አጨስን። በማጨስ እንደ እኛ የተጋ ሰው በሌላ ሥራ ቢተጋ ኖሮ የት በደረሰ!

ባሽር ያስል ነበር። እኔም አስል ነበር። አጫሽ አይደለን? ሳላችን እንደ መታወቂያችን ነበር፤ የእሱን ሳል ከቢሮዬ ሆኜ ስሰማ ሱቁን መክፈቱን አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ሱቁ ተቀምጠን ስናጨስ፣ የባሽር የመጨረሻ ልጅ ሆዳን ከእናቷ ከኸድራ መልእክት ይዛ መጣች። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ጨርቅ የሚያሰምርበትን ጠመኔ ከጠረጴዛው አነሳችና በሁለት ጣቷ መሃል ያዘችው። ወደ ከንፈሯ ወሰደችው። ጉንጯን ሰርጎድ አድርጋ ሳበች። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ግን ሳቃችንን አቋረጠው። ጭሱን "ካወጣች" በኋላ ጎንበስ ብላ፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ አባቷ አሳለች። ረጅሙን፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጨውን ሳል ሳይቀር። ማጨስ ለእሷ አንድ ነገር ነበር፤ ጭሱም ሳሉም አንድ ላይ።

ባሽር መቀሱን አስቀመጠ። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ጠመኔውን መሳቢያ ውስጥ ከተተና፣

"ወርያ ተፈራ፣ ይሄ ነገር ይበቃናል" አለኝ።

"ይበቃናል" አልኩ። በዚያች ሰዓት ከልቤ ነበር። ሰው ሲጋራውን አጥፍቶ ሁለተኛውን እስኪለኩስ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ሁልጊዜ ከልቡ ነው።

በማግስቱ ገበያ ወርደን ኤዶ ሰህራ ዘንድ ሄድን። ኤዶ በሶማልኛ የአባት እህት ናት፤ ኤዶ ሰህራ ግን የከተማው ሁሉ አክስት ነበሩ። ከቅመም ተራ ጥግ ላይ ሥሩንም ቅርፊቱንም ፍሬውንም በየጆንያው ዘርግተው ይሸጣሉ። በቀን ስንት እንደምናጨስ ይጠይቁናል ብዬ ቁጥሬን ቀነስ አድርጌ አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቁንም።

"መቼ መቼ ነው የሚያምራችሁ?" አሉ።

ባሽር "ከጫት ጋር ነው ኤዶ። ያን ጊዜ አልቆጥረውም" አለ።

"አንተስ?"

"አለቃዬ ሲጠራኝ" አልኩ። "ከመግባቴ በፊት አንድ፣ ከወጣሁ በኋላ አንድ።"

"አለቃ የሚያስተው መድኃኒት የለኝም" አሉ፣ ፈገግም ሳይሉ። ከዚያ ወደ ባሽር ዞሩ። "ረመዳንን ትጾማለህ?"

"ከልጅነቴ ጀምሮ።"

"ቀኑን ሙሉ ሳታጨስ ትውላለህ ማለት ነው። ታዲያ ቀኑን የቻለ ሰው ሌሊቱ ምን ሆኖበት ነው?"

እኔን ስለ ጾም ባለመጠየቃቸው ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። በዐቢይ ጾም ከሥጋውም ከወተቱም እርቃለሁ፤ ሲጋራን ግን "ቅጠል ነው፣ የጾም ነው" ብዬ ለራሴ ከፈቀድኩ ዓመታት አልፈው ነበር።

ኤዶ ሰህራ እያንዳንዱን በወረቀት እየጠቀለሉ ሰጡን። ቅርንፉዱ ሲያምረን ከምላሳችን ሥር የምናስቀምጠው ነው። የመፋቂያው እንጨት እጃችን ሥራ ሲፈታ የምንይዘው። ጥቁር አዝሙዱ ከማር ጋር ጠዋት ጠዋት፣ ዝንጅብሉ ተፈልቶ ማታ ማታ። ቁርስ ላይ የግመል ወተት። ባሽር ደግሞ ለአርባ ቀን ጫት ቤት ዝር እንዳይል።

"ይሄ የአፍ ነው፣ ይሄ የእጅ፣ ይሄ የጉሮሮ" አሉ እየጠቆሙ።

"የልቡስ?" አልኳቸው እኔ፣ ለመቀለድ።

"የልቡን ይዛችሁ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር" አሉ።

ጀመርን። የግመል ወተቱ ነገር መጀመሪያ ላይ አሳቀን። ከገጠር የሚያመጡት ሴቶች ዕቃውን በእንጨት ጭስ ያጥኑታል፤ ወተቱ ራሱ ጭስ ጭስ ይላል። ከጭስ ሸሽተን ጭስ ጠጣን። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር አልቀረም። እንቅልፍ ጠፋ። ባለቤቴ አስካለ ከጎኔ ተነስታ ልጆቹ ክፍል መተኛት ጀመረች፤ ስገላበጥ አላስተኛት ብዬ ነው። ባሽር ደግሞ የአንድ ሰውዬ ኮት ላይ የግራውን እጅጌ በቀኝ ሰፋና ሰውየውን በራሱ ጥፋት ሰደበው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት እኔን ከመንገድ ማዶ የጠራበት ቀን አለ። የጫት ጓደኞቹ በሱቁ በኩል ሲያልፉ "ሼኩ እንዴት አደሩ?" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ቅርንፉዱን ከምላሱ ሥር አድርጎ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ ፔዳሉን ይረግጣል።

እኔ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አለቃዬ ጠራኝ።

አንድ ፋይል ጠፍቶ ነበር። ፋይሉ በኋላ እሱው ጠረጴዛ ላይ ተገኘ፤ ግን እስኪገኝ ድረስ የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ከቢሮው ስወጣ እግሬ በራሱ ጊዜ ወደ ሻይ ቤቱ ሳይሆን ራቅ ወዳለው ሱቅ ወሰደኝ። ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ካለው የውኃ ታንከር ሥር ቁጢጥ ብዬ አጨስኩ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ አይደል የሚባለው? ካጨስኩ በኋላ ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ አኘክሁና መንገዱን ተሻገርኩ።

ባሽር ገና ስቀርበው አሸተተኝ። "ቅርንፉድ ቅርንፉድ ትላለህ! ማሻ አላህ!" አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አልዋሸሁም። እሱ ተናገረ፣ እኔ ዝም አልኩ። ለአንድ ሳምንት ያህል በዝምታ ብቻ ቆየሁ። ከዚያ ግን ዝምታ የማይበቃበት ቀን መጣ። "ሳልህስ?" አለኝ። "ተሻለኝ" አልኩት። መዋሸት እንደ ማጨስ ነው፤ የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚያስለው። ሳሌንም ወደ ታንከሩ ሥር ወሰድኩት። እዚያ አጨሳለሁ፣ እዚያ አስላለሁ፣ ቅርንፉዴን አኝኬ ድኜ እመጣለሁ።

ባሽር ግን አቆመ። ከተማው በሙሉ ሳምንት አይቆይም ያለው ሰው፣ እኔም በልቤ እንደዚያ ያልኩት ሰው፣ አቆመ። ጫት ቤቱንም እርም አለ። ከሰዓት በኋላውን የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ስለሚያሳልፍ ሥራው በጊዜ ያልቅ ጀመር፤ በዓል ሲደርስ ልብስ በቀጠሮው ቀን የሚያስረክብ ልብስ ሰፊ ደግሞ በየትም አገር ብርቅ ነው። አርባ ቀኑ የሞላ ዕለት አንድ ትሪ ሐላዋ ገዛና ጎረቤቱን ሰበሰበ።

"እኔና ተፈራ" አለ ቆሞ። "እኔና ተፈራ ሃያ አምስት ዓመት አብረን አጨስን፤ አብረን ተውን። ሁለታችንም አንድ መድኃኒት ነው የወሰድነው። እዩት እሱን፤ ሳሉ ጠፋ! የእኔ ትንሽ ቀርቷል፣ እሱም ኢንሻ አላህ ይሄዳል።"

ሰው አጨበጨበ። እኔ ሐላዋውን በላሁ። ይጣፍጥ ነበር። የሚያሳፍረው እሱ ነው።

የባሽር ሳል ግን አልሄደም። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ሰውነቱ መቅለል ጀመረ። ልብስ ሰፊ ሲከሳ ወዲያው አይታወቅበትም፤ ሱሪውን በራሱ እጅ እያጠበበ ይለብሳላ! ሌሊት ሌሊት ያልበው እንደነበረ ኋላ ነው የሰማሁት። ሰው ሲያየው "ሲጋራ የተወ ሰው መጀመሪያ ይከሳል፤ ውስጡ እየጠራ ነው" ይለዋል። ከቱሊ ጉሌድ የመጣ ዘመዱ የግመል ሻኛ ስብ አቅልጦ አጠጣው። እሱም ጥቁር አዝሙዱን እጥፍ አደረገው። ሐኪም ቤት እንዲሄድ የሚነግረው ሲኖር በትዕግሥት ይሰማና "ተፈራም እንዲህ ያስል ነበር" ብሎ ይመልሳል።

አንድ ቀን ኤዶ ሰህራ ዘንድ ሊሄድ ሲነሳ አብሬው ሄድኩ። አንድ ኪሎ ጥቁር አዝሙድ ጠየቃቸው። እሳቸው ሚዛኑን አልነኩም። ትክ ብለው አዩትና፣

"እጅህን ስጠኝ" አሉት። ያዙት። ጥቂት ይዘውት ቆዩ። "ሲጋራውን ትተሃል?"

"ወላሂ ትቻለሁ ኤዶ።"

"አምንሃለሁ። ከተውክ እንግዲያው ይሄ ሳል የሲጋራ አይደለም። ይሄ ትኩሳት የእኔ ሥራ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ለአንተ የምሸጠው የለኝም። ሆስፒታል ሂድ።"

ባሽር ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። ሲያበቃለት፣ "ኤዶ፣ ተፈራን ይዩት እንጂ! እሱን ያዳነው የእርስዎ መድኃኒት አይደለም? እኔንም ያድነኛል። የእኔ ሥር የሰደደ ስለሆነ ነው የቆየው" አለ።

ኤዶ ሰህራ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ድነሃል ልጄ?"

"ደህና ነኝ" አልኩ።

ዓይናቸው ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ። በቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች መሃል ያለውን ቡናማ ነገር አየት አደረጉት። ቅርንፉድ ጣት አይሸፍንም። ሻርፓቸውን አስተካክለው ወደሚቀጥለው ገዢ ዞሩ። እዚያ ገበያ መሃል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባሽር ጥቁር አዝሙዱን ከሌላ ሴትዮ ገዛ።

ያን ዕለት ማታ አስካለ እራት አቅርባልኝ ከፊቴ ተቀመጠች። አስካለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ሆዳንም እሷ የምታስተምረው ክፍል ውስጥ ነበረች።

"ሆዳን ዛሬም ክፍል ውስጥ ስታስል ነበር" አለችኝ።

"አባቷን ስለምታስመስል ነው" አልኩ።

"አሁን እያስመሰለች አይደለም።"

መጉረሴን አቆምኩ። እሷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አስካለ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

"ኸድራ ዘንድ ሄጄ ነበር" አለች። "ሐኪም ቤት ውሰጂው አልኳት። 'እንዴት ብዬ? ተፈራ በዚሁ መድኃኒት ድኗል እያለ ማንን ይሰማል?' አለችኝ። ምን ልበላት? ባሌ በየቀኑ ከታንከር ሥር ያጨሳል ልበላት?"

"ታውቂያለሽ?"

"ተፈራ፣ ልብስህን የማጥበው እኮ እኔ ነኝ። ለእኔ ዋሸኸኝ፣ ግድ የለም። እንዳላውቅብህ ስትደክም ሳይህ እያዘንኩልህ ዝም አልኩ። ለእሱ ግን ተናገር። ጓደኛህ ውሸትህን ይዞ ሊሞት ነው።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ጤናውን በሐሰት ያወራ ሰው የሌላውን መድኃኒት እንደሚያሳጣው ግን የነገረኝ አልነበረም።

ጠዋት ቢሮ ሳልገባ ሱቁ ሄድኩ። ባሽር ገና መክፈቱ ነው። የአንድ ሙሽራ ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጠመኔ እያሰመረ ነበር። ከኪሴ የሲጋራ ፓኮዬን አወጣሁና ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩት።

አየው። "የማን ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ጀመርክ እንዴ?" አለ ደንግጦ። ድንጋጤው ለእኔ ነበር። አሁንም ለእኔ ያዝንልኝ ነበር።

"አላቆምኩም ባሽር። ከአሥራ ሁለተኛው ቀን ጀምሮ አጭሻለሁ። ሳሌም አልጠፋም፤ አንተ ፊት አላስልም እንጂ።"

ቁጭ አለ። መንገዱ ላይ አንዲት ሴት የግመል ወተት ጀሪካኖቿን በአህያ ጭና አለፈች፤ እስክታልፍ ድረስ እሷን ሲያይ ቆየ።

"ሐላዋውን በልተሃል" አለኝ።

"በልቻለሁ።"

"ሰው ሁሉ ፊት እኔና ተፈራ ስል…"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ዛሬ ለምን ነገርከኝ? ሦስት ወር ከቻልክበት ለምን አልቀጠልክም?"

"መድኃኒቱ እኔን ስላላዳነኝ። እኔን እያየህ እንዳትቀመጥ ብዬ። ሆዳንም ታስላለች ባሽር፣ አስካለ ክፍል ውስጥ…"

"ወርያ!" ብሎ ተነሳ። "የልጄን ስም አትጥራ። ውጣልኝ።"

ወጣሁ። ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ሆኜ ሳይ የሱቁን በር ዘግቶ ወደ ቤቱ አቅጣጫ ሄደ። ከሰዓት በፊት ኸድራንና ሆዳንን ይዞ ሆስፒታል እንደገባ ሰማሁ። አክታው ተመረመረ፣ ራጅ ተነሳ። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። የልጅቷም እንደዚያው።

መድኃኒቱ በየቀኑ፣ ለወራት የሚዋጥ ነው። አባትና ልጅ ጠዋት ጠዋት እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ነርሷ ፊት ሊውጡ፣ በቢሯችን በኩል ያልፉ ነበር። ነርሷ ሲጋራውን መተዉ እንደበጀው ነግራዋለች፤ ቅርንፉዱንም ዝንጅብሉንም አልነቀፈችም። "ግን ሁለት ወር ቀደም ብትሉ ኖሮ ምናልባት ልጅቷ ባልያዛት ነበር" ብላለች። ይህን የነገረችኝ ኸድራ ናት። የነገረችኝ ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ጤንነታቸው ስጠይቃት፣ የሆነውን እንደሆነ ነው የነገረችኝ። ለዚህ ነው የከበደኝ። ወቀሳ ቢሆን ኖሮ እመልስላት ነበር።

እኔም በአስካለ ግፊት ተመረመርኩ። ነጻ ነህ አሉኝ። የሳንባዬን ማለታቸው ነው።

ሆዳን ፈጥና አገገመች፤ ልጅ አይደለች? ባሽር ሕክምናውን ጨርሶ ዳነ፤ ግን ሳንባው እንደ ድሮው አልሆነለትም፤ ዳገት ሲወጣ መሃል ላይ ይቆማል። እኔን አላናገረኝም። ሰላምታዬን በእጁ ይመልስ ነበር፤ ሙስሊም ሰላምታ አይነፍግም። ነገር ግን በሱቁ ደጃፍ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የስፌት መኪናው ይቆማል። አልፌ ራቅ እስክል ይጠብቅና ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ይጀምራል። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ እመላለስበታለሁ።

ኤዶ ሰህራ ዘንድ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። "ቅርንፉድ" አልኳቸው።

"ለመሸፈኛ ከሆነ ከየትም ታገኘዋለህ" አሉኝ።

"ለመተው ነው።"

መዘኑልኝ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ አንዱን ጊዜ በሳምንቱ፣ ሌላውን በወሩ። በሦስተኛው ያዘልኝ። ዝንጅብሉንም አፈላሁ፣ መፋቂያውንም ያዝኩ፣ ጭስ ጭስ የሚለውን ወተትም ጠጣሁ። ታዲያ ያስተወህ ምኑ ነው ብትሉኝ ቅርንፉዱ ነው አልልም፤ ዳግመኛ የሐሰት ምስክር መሆን አልፈልግም። ቅርንፉዱ አፌን ሥራ አስያዘልኝ። ያስተወኝ በቀን አራት ጊዜ ዝም የሚለው የስፌት መኪና ነው። ይህን ደግሞ ማንም በወረቀት ጠቅልሎ ሊሸጥላችሁ አይችልም።

ለማንም አልተናገርኩም። ለአስካለም ጭምር፤ ልብሴን ስታጥብ ደርሳበታለች።

ከተውኩ ዓመት ካለፈ በኋላ የአስካለ ታናሽ ወንድም ሊያገባ ሆነና ኮት አስፈለገኝ። በከተማው ሌላ ልብስ ሰፊ ጠፍቶ አልነበረም። ጨርቄን ይዤ ባሽር ሱቅ ገባሁ። መኪናው ቆመ። ጨርቁን ተቀበለኝ፣ በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አድርጎ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ትከሻዬን ለካ። እጄን ለካ። ደረቴን ሲለካ፣

"አየር ሳብ" አለኝ። ሳብኩ። "አስወጣ።" አስወጣሁ። ሜትሩን እንደያዘ ጆሮውን ወደ ደረቴ አዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ለኮት እንደዚያ ሲለካ አይቼ አላውቅም።

"አታስልም" አለ።

"አላስልም። ትቻለሁ ባሽር። ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ።"

የደረቴን ልክ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ዓመት ከሁለት ወሩን አልጻፈውም። "ሐሙስ ና" አለ።

ሐሙስ ሄድኩ። ኮቱ ልክ እንደ ቆዳዬ ሆነ። እንደ ባሽር የሚሰፋ ዛሬም የለም። አዝራሩን ስቆልፍ በግራ በኩል፣ ከገበሩ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ኪስ እጄ ላይ መጣች። ስፋቷም ቁመቷም በልክ፣ አንድ ፓኮ ሲጋራ የምትይዝ። ያኔ ልብስ ሰፊዎች ለሚያጨስ ደንበኛ ሁሉ የሚሰፏት ኪስ ናት።

"ባሽር፣ ይቺ ኪስ ምን ልትሠራ ነው?"

"ኪስ ናት" አለ ቀና ሳይል።

"እኔኮ ትቻለሁ ብዬህ ነበር…"

"ብለኸኛል" አለ። አሁን ቀና አለ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ዓይን ለዓይን ተያየን። "ተፈራ፣ የእኔ ሥራ ኪስ መስፋት ነው። ምን እንደምትከትባት የምታውቀው አንተ ነህ።"

ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ሻይ ቤቱ "ሁለት ሻይ!" ብሎ ተጣራ።

ሻዩን ጠጣን። ስለ ሠርጉ ጠየቀኝ፤ ሆዳን ከክፍሏ ሁለተኛ መውጣቷን ነገረኝ። ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም፤ ከዚያም ወዲህ አልተነጋገርንም። ያምነኝ አያምነኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጠይቀውም አልደፈርኩም፤ መብቱም የለኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ አንዳንዱ ንጋት ግን ሰውየው ካረጀ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ኮቱ ክርኑ ተበልቷል፣ ከለበስኩት ቆየሁ፤ አስካለ ለሰው እንስጠው ስትለኝ እንቢ አልኩ። ኪሷ ባዶ ናት። ባዶ ናት ስላችሁ ግን፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ማመኑንና አለማመኑን ለእናንተው ትቼዋለሁ።